ለሙሽራ የምሰፋው ካባ፣ የእቴጌ መነን ፎቶና ራስ ተፈሪ ቤት፤ የምታውቁ አጫውቱኝ

ማኪና ግርግር ሰፊው | ማክሰኞ ማታ

ሰላም የሐረርና የድሬ ልጆች።

ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። አባቴ ያወረሰኝ ሲንጀር በሐረር የሰፊዎች ጎዳና፣ ማኪና ግርግር ላይ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ይሠራል። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር መጡና ስልካቸውን አውጥተው የእቴጌ መነንን የዘውድ ፎቶ አሳዩኝ። «ለልጄ ሠርግ እንደዚህ ያለ ካባ ነው የምፈልገው፤ ሌላ አታሳየኝ» አሉ። የካባውን ጨርቅ፣ ከፋዩን (ቬልቬቱን)፣ ቀይ ይሁን ያለችው ሙሽራዋ ናት።

ፎቶውን ስልኬ ላይ እያሰፋሁ ሦስት ሌሊት ጥልፉን ተከተልኩት። ስታሰፋው ይበተናል፣ ስታሳንሰው አይታይም፤ በመጨረሻ በእርሳስ ወረቀት ላይ ገለበጥኩት። የወርቅ ክር የሠራ ሰው ያውቀዋል፦ ከፋይ ላይ ጥልፍ ሲበዛ ጨርቁ ይከብዳል፤ ገበሩ ጠንካራ ካልሆነ ትከሻው ወደ ኋላ ይጎትታል፣ አንገት ያንቃል። ለናሙና ከአንገትጌው አንድ ስንዝር ብቻ ጠልፌ በእጄ ስመዝነው፣ ይህንን ለብሶ፣ በላዩ ላይ ዘውድ ደፍቶ፣ ያን ሁሉ ሰዓት ቀጥ ብሎ መቀመጥ ምን እንደሚጠይቅ ገባኝ። ፊታቸውን ደጋግሜ አየሁት፤ ድካም የሚባል ነገር አይታይበትም።

ይህን ለጎረቤቴ ሳሳየው «እኚህ ሴትዮ እኮ ሙሽራ ሆነው የኖሩት እዚሁ አጠገብህ ነው፤ ራስ ተፈሪ ቤት» አለኝ። በዚያ በር በየቀኑ አልፋለሁ። ልጅ ሆኜ ደረጃው ላይ ተጫውቻለሁ። ቤቱ በባልየው፣ ኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በተባሉት፣ ስም ይጠራል፤ ስለ እቴጌዋ ግን እስከ ዛሬ አንድ ሰው አጫውቶኝ አያውቅም። ሐረር ሳሉ እንዴት ኖሩ? እዚህ ወልደዋል? የምታውቁ እባካችሁ።

---

ጡረተኛ መምህር | ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 5 ሰዓት

ልጄ፣ ጥያቄህ ከእንቅልፌ አስነሥቶኛል። ታሪክ ሳስተምር ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ የሐረርን ዓመታት ስንናገር እኛም መምህራኑ የምንቆጥረው የሹመት ቀን ነበር። ስለዚህ ልክ ነህ፣ እኛም አጉድለናል።

ወይዘሮ መነን የወሎ ሰው ናቸው፣ አምባሰል። አባታቸው ጃንጥራር አስፋው፣ እናታቸው ወይዘሮ ስሂን ሚካኤል። ወይዘሮ ስሂን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ናቸው፤ ይህችን ነገር ያዝልኝ፣ ኋላ ትመጣለች። ልጅ ኢያሱም የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ስለሆኑ ለወይዘሮ መነን አጎት ይሆናሉ፤ በዕድሜ ግን አጎትየው ታናሽ ነበሩ። ደጃዝማች ተፈሪ የአባታቸውን የራስ መኮንንን አገር ሐረርን የተሾሙት በ1902 ነው። ሐምሌ 1903 ላይ ከወይዘሮ መነን ጋር ተጋቡ። ጋብቻው የወሎን ቤትና የራስ መኮንንን ቤት ያስተሳሰረ ነበር፤ መሐሉ ላይ የተቀመጠችው ሃያ ዓመት ገደማ የሆናት ሴት ናት።

ሐረር ወልደዋል ወይ ላልከው፣ አዎ። ልዕልት ተናኘወርቅ በ1904 እዚሁ ተወለዱ። ግንቦት 30 ቀን 1907 ደጃዝማች ተፈሪ ሐረማያ ሐይቅ ላይ ጀልባ ተገልብጦባቸው በመከራ ተርፈዋል፤ መምህራቸውና የልብ ወዳጃቸው አባ ሳሙኤል ግን በዚያው ሰጠሙ። አሁን ዐይንህን ጨፍንና ቤት ውስጥ ያለችውን ሚስት አስብ፤ የሦስት ዓመት ልጅ ይዛ ከሐረማያ መንገድ የሚመጣውን ፈረሰኛ ወሬ የምትጠብቀውን።

ግን ይህም ከኋለኛው ይቀላል። ሐምሌ 20 ቀን 1908 አስፋወሰን ሐረር ተወለዱ። ሕፃኑ ገና አራስ ቤት ሳለ፣ ነሐሴ ላይ ልጅ ኢያሱ ሐረርን ከተፈሪ ወስደው ከፋን ሰጧቸው። መስከረም 17 ቀን 1909 መኳንንቱ አዲስ አበባ ላይ ልጅ ኢያሱን አወረዱ፤ ንግሥት ዘውዲቱ ነገሡ፣ ተፈሪ ራስና አልጋ ወራሽ ሆኑ። ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን አልጋ ሊያስመልሱ የወሎን ጦር ይዘው ተነሡ። ቶራ መስክ ላይ ራስ ልዑልሰገድን ገደሉ። ራስ ልዑልሰገድ ማን ናቸው? ከተፈሪ በፊት የወይዘሮ መነን ባል የነበሩ። ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 17፣ ሰገሌ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው ተሸንፈው ተማረኩ።

በአንድ ወር ውስጥ አጎታቸው ወረዱ፣ የቀድሞ ባላቸው ሞቱ፣ አያታቸው ታሰሩ፣ ባላቸው አልጋ ወራሽ ሆኑ። ጡት የሚጠባው ልጅ ሦስት ወሩ ገደማ ነበር። የፎቶው ፊት ድካም አያሳይም ብለሃል። እኔ የምልህ፣ ያ ፊት የተሠራው ዘውዱ ከመደፋቱ 14 ዓመት ቀድሞ ነው።

---

የሸንኮር ልጅ | ረቡዕ ጠዋት

ጋሼ መምህር፣ እንዲህ ተብሎ ቢነገረን ኖሮ ታሪክ ክፍል ውስጥ ማን ይተኛ ነበር። አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ከዚያ በፊት ትዳር ከነበራቸው ልጆችም ነበሯቸው ማለት ነው?

---

ጡረተኛ መምህር | ረቡዕ ጠዋት

አዎ ልጄ። በልጅነታቸው ነው የተዳሩት፤ ከቀደሙት ትዳሮች የወለዷቸው ልጆች አሏቸው። ከተፈሪ ጋር ደግሞ ስድስት ወለዱ፦ ተናኘወርቅ፣ አስፋወሰን፣ ዘነበወርቅ፣ ፀሐይ፣ መኮንን፣ ሣህለ ሥላሴ።

---

ጌይ ጋር | ረቡዕ ቀትር

አሰላሙ አለይኩም። ሁለት ነገር በአክብሮት ልበል።

ቤቱን ተፈሪ አልሠሩትም። የህንድ ነጋዴ ነው የሠራው፤ እንጨቱን ቀና ብላችሁ ብታዩት የሐረር እጅ እንዳልሆነ ይናገራል። ዛሬ የአብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም ነው። እሳቸው ከየቤቱ እየዞሩ ያሰባሰቧቸው የእጅ ጽሑፎች፣ ቁርኣኖች፣ ጌጣጌጦች፣ የድሮ ካሴቶች እዚያ ናቸው። የተቀደደ መጽሐፍ በእጃቸው ሲጠግኑ ቆሜ አይቻለሁ፤ ስለዚህ «ራስ ተፈሪ ቤት» ስትሉ ውስጡ ያለውንም አስቡት።

ሁለተኛው ከባድ ነው። ለእኛ ለሐረሪዎች ታሪኩ በ1903 አይጀምርም። ጥር 1879 ጨለንቆ ላይ የአሚር አብዱላሂ ጦር ተሸንፎ ነው ከተማችን የራስ መኮንን የሆነችው። አያቴ ይህን ስታወራ ድምጿ ይቀንስ ነበር። እቴጌዋን አልጠላም፤ በመምህሩ ጽሑፍ አዝኛለሁ እንኳ። ነገር ግን በዚያው ዓመታት ከዚያ ቤት ግድግዳ ማዶ፣ በጌይ ጋር (በሐረሪ ባህላዊ ቤት) ውስጥ ልጅ ያሳደጉ፣ በአፎቻ (እንደ ዕድር ባለው ማኅበራችን) ሬሳ ያነሡ፣ ሙሽራ ያጀቡ የሐረር እናቶች ነበሩ። ለእነሱ ፎቶ ያነሣ የለም። እነሱም በዚህ ክር ውስጥ ስማቸው ይነሣ።

---

ማኪና ግርግር ሰፊው | ረቡዕ ማታ

ወንድሜ፣ ቃልህን ራሴ ላይ አድርጌዋለሁ። እናቴ እኔን ስትወልድ ቅቤና ገንፎ ይዘው የመጡት የግድግዳ ጎረቤታችን የሐረሪ እናት ናቸው፤ እስከ ዛሬ በሐረሪ አጠራር «አባይ» ብዬ እጠራቸዋለሁ። ሁለቱንም ማወቅ እፈልጋለሁ። ሙዚየሙን ዛሬ ከሥራ በፊት ገብቼ አየሁት። የድሮ የሐረር ሴቶች ልብስ ላይ ያለውን ጥልፍ ቆሜ ስቆጥር ጠባቂው ታግሦ ጠበቀኝ። ያ እጅ ዛሬ የለም። ከዚያች ጥልፍ አንዷን ረድፍ ለካባው ጠርዝ ልወስድ አስቤያለሁ፤ ሙሽራዋ ከተስማማች።

---

ከዚራ ጥላ ሥር | ረቡዕ ማታ

አቦ ድሬም ድርሻ አላት! ሚያዝያ 24 ቀን 1928 የንጉሡ ቤተሰብ በባቡር ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ ሲሄድ በእኛ በኩል ነው ያለፈው፤ መንገድ ሌላ የለም። አያቴ በድሬው ለገሃር፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ ያደገች ነበረች። የምትናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ባቡሩን አየን፣ እሳቸውን አላየንም። የሚያለቅስም የሚያጨበጭብም አልነበረም፤ ሰው ዝም ብሎ ቆመ።»

ሐዲዱን ሳየው ሁልጊዜ ይህ ይመጣብኛል። በ1903 ሙሽራ ሆነው ሐረር ሲገቡ ሐዲዱ ገና አዲስ አበባ አልደረሰም ነበር። ስደት ሲወጡ በዚያው ሐዲድ ወረዱ። ከዚያ ኢየሩሳሌም፣ ከዚያ እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ። ብርዱ ጤናቸውን ስለጎዳው ወደ ኢየሩሳሌም ተመልሰዋል።

---

ኢየሩሳሌም ተሳላሚ | ሐሙስ ጠዋት

በስደቱ ዘመን ቤተልሔም ላይ ተስለው ነበር፤ አገራቸው ነፃ ከወጣች ዘውዳቸውን ለጌታ ልደት ቤተ ክርስቲያን ሊሰጡ። ነፃነት ሲመጣ ስለታቸውን አደረሱ። ወንድሜ ሰፊው፣ ፎቶው ላይ ያለውን ዘውድ ስታይ ይህን አስብ።

---

አዋላጅ ነርስ | ሐሙስ ከሰዓት

ተረኛ ሆኜ ነው የማነበው፤ አጭር ላደርገው ነበር፣ አልቻልኩም።

ስድስት ወለዱ ብላችኋል። ስንቱን እንደቀበሩ ማንም አላነሣም። ልዕልት ዘነበወርቅ መጋቢት 1925 ትግራይ ውስጥ ዐረፈች። ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን ለንደን ግሬት ኦርሞንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተማረች። የንጉሥ ልጅ ሆና የታማሚ አልጋ አነጠፈች፣ ሕፃን አጠበች። አገሯ ተመልሳ አገባችና ነሐሴ 1934 ነቀምቴ ላይ በወሊድ ምክንያት ሞተች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። በስሟ አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል ተሠራላት፤ ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው ነው። ልዑል መኮንን ግንቦት 5 ቀን 1949 በመኪና አደጋ ሞቱ። እቴጌዋ የካቲት 8 ቀን 1954 ሲያርፉ ከስድስቱ ሦስቱን ቀብረው ነበር። የመጨረሻው ልጃቸው ልዑል ሣህለ ሥላሴ ሁለት ወር ገደማ ቆይተው ተከተሏቸው፤ ያንን እንኳ ሳያዩ ሄዱ።

እኔን የምትነካኝ ፀሐይ ናት። ወላድ ደም ሲፈስሳት ደቂቃ እንደሚቆጠር አውቃለሁ። ባለፈው ክረምት ከገጠር በቃሬዛ የመጣች እናት ነበረች፤ እጄን እንደያዘች «እናቴ ትጠራልኝ» ስትል። እናትየው ኮሪደሩ ላይ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከትተው ቆመዋል፣ ጩኸታቸው ልጃቸውን እንዳያስደነግጣት። ወላዷ ተረፈች። ነጠላው ላይ የጥርስ ምልክት ቀርቶ አይቻለሁ። እቴጌም ብትሆን የፀሐይ እናት ያን ቀን ከነቀምቴ ሩቅ ነበሩ ብዬ ሳስብ ሐዘኑ ሌላ ይሆንብኛል።

---

የሸንኮር ልጅ | ሐሙስ ማታ

አንድ ነገር ልናገር፣ ተቆጥቼ ነው።

እቴጌ መነን በ1931 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የሴቶች ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ ትምህርት ቤቱ እስከ ዛሬ አለ። እሺ፣ ትልቅ ሥራ ነው። በማግሥቱ ዓመት፣ በእኛ ሰኔ 1924 (1932 እ.ኤ.አ.)፣ የገዛ ልጃቸው ዘነበወርቅ ለደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሳ ተዳረች። ሐምሌ 1909 ነው የተወለደችው፤ ስትዳር 15 አልሞላትም። ትግራይን ከቤተ መንግሥቱ ጋር ለማሰር ነው፤ በዚያው ዓመት አልጋ ወራሹም የራስ ሥዩምን ልጅ አገቡ። ዘጠኝ ወር ገደማ ቆይታ ሞተች። ያ ባል በ1928 ጦርነት መጀመሪያ ለጣልያን ገባ። እንግዲህ ልጅቷ ለምን ተሰጠች? የሌላ ሰው ሴት ልጆች ጥቁር ሰሌዳ ፊት እንዲቀመጡ ያደረገች እናት የራሷን እንዴት ሸኘች? እኔ 16 ዓመቴ ላይ አጎቴ ሊድረኝ ሲመጣ እናቴ በሩ ላይ ቆማ «በሬሳዬ ላይ» ብላ መልሳዋለች። ቁርስ የምትሸጥ ሴት ናት፣ ዘውድ የላትም። ለዚህ ነው የምቆጣው።

---

ልጄ ትጽፍልኛለች | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት

የኔ ልጅ፣ እኔ እየተናገርኩ ልጄ ናት የምትጽፈው። ያደግኩት ጨርጨር ነው። በ13 ዓመቴ ነው የተዳርኩት። እናትሽ የሠራችውን እናቴ አልሠራችም። በሠርጌ ዋዜማ ሌሊት ፀጉሬን ስትሠራኝ ጉንጉኑን ፈትታ እንደገና ጀመረችው፣ እንደገና ፈታችው። እስኪነጋ አልጨረሰችም። አንድ ቃል አልተናገረችም። ያኔ ክፉ ናት ብዬ ነበር። አሁን ሰባ አልፌ ሳስበው ሌሊቱ እንዳያልቅ ነበር የምትፈታው።

ልክ ነበር እያልኩሽ አይደለም። ልክ አልነበረም። ለእኔም ለልዕልቲቱም ልክ አልነበረም። እናትሽን ሳሚልኝ።

---

የሸንኮር ልጅ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል

እማማ፣ ስሜያታለሁ። አንብቤላታለሁ። ቅዳሜ ቁርስ ይዛ ልትመጣ ትላለች፤ አድራሻዎን በውስጥ ይላኩልኝ።

---

የወሎ ልጅ በድሬ | ዓርብ ጠዋት

«የሐረር» የሚባል ማዕረግ የነበራት ሌላ ሴትም አለች፣ አትርሷት። ልዑል መኮንን መስፍነ ሐረር ነበሩ፤ ባለቤታቸው ልዕልት ሣራ ግዛው። በዘመኑ መጽሔት ላይ ውበታቸው የሚወራላቸው፣ አለባበሳቸው የሚታይላቸው ሴት ነበሩ። ልዑሉ በ1949 ሲሞቱ ልዕልቲቱ ሠላሳ እንኳ አልሞላቸውም፤ አምስት ወንድ ልጆች ይዘው ቀሩ። እቴጌዋ ካረፉ በኋላ በቤተ መንግሥቱ እንግዳ ሲመጣ ከሚቆሙት አንዷ ነበሩ። ከ1967 እስከ 1980 ደግሞ ከንጉሡ ቤተሰብ ሴቶች ጋር እስር ቤት ነበሩ። ያለ ፍርድ። ለእናት 13 ዓመት ማለት ልጅ የሚያድግበት፣ የሚያገባበት፣ የሚወልድበት ጊዜ ነው። በ2011 ዐረፉ።

ያንን ዘመን ደርግን ደግፈው የኖሩ ዘመዶች አሉኝ። የመሬቱን ጉዳይ፣ የወሎን ረሃብ አውቃለሁ፤ ቤተሰቤ የሞተበት ነው። ሆኖም ሴቶቹን ያለ ፍርድ ማሰር የረሃቡን ሟች አላስነሣም። ይህን ሳልናገር ባልፍ ልቤ ይከሰኛል።

---

ጡረተኛ መምህር | ዓርብ ቀትር

ስለ ፎቶው አንድ ልጨምር፣ ለሰፊው ይጠቅመዋል። እቴጌ ጣይቱ በ1882 የነገሡት ዐፄ ምኒልክ ከነገሡ ከሁለት ቀን በኋላ ነው። እቴጌ መነን ግን ጥቅምት 23 ቀን 1923 ከባላቸው ጋር በአንድ ቀን ዘውድ ደፉ። ስለዚህ ያ ካባ የዋዜማ ወይም የማግሥት አይደለም፤ የዕለቱ ነው።

ሌላም። ሐረር ላይ ቆመህ ወደ ምዕራብ ስታይ ጋራ ሙለታ ይታይሃል። ልጅ ኢያሱ የመጨረሻ ዓመታቸውን የታሰሩት እዚያ ነው፤ በ1928 መጀመሪያ ሞቱ። ዘውድ የደፋችው የእህታቸው ልጅ በሙሽርነቷ ይህንኑ ተራራ ታይ ነበር። ያ አገር የልጆቿ መወለጃም የአጎቷ መታሰሪያም ሆነ። የተማሪዎቼን ፈተና ሳወጣ ይህን ጥያቄ አድርጌው አላውቅም፤ ይቆጨኛል።

---

ጌይ ጋር | ዓርብ ማታ

ሰፊው፣ ጠርዙ ምን ሆነ? ሙሽራዋ ተስማማች? አያቴ የተወችልኝ ልብስ አለ፣ ደረቱ ላይ ያለው ጥልፍ ሙሉ ነው። ሙዚየም ያለው በመስታወት ውስጥ ስለሆነ ጀርባውን አታይም። የክሩን አካሄድ ከጀርባ ማየት ከፈለግህ ነገ ከአስር በኋላ ቤት ና። እናቴ የሐረሪ ምግባችንን ሑልበት አዘጋጃለሁ ብላለች።

---

ማኪና ግርግር ሰፊው | ቅዳሜ ማታ

ከጌይ ጋር ቤት አሁን ተመለስኩ። ጀርባውን አየሁት። ፊቱ ላይ አበባ የሚመስለው ከጀርባ አንድ ቋጠሮ እንኳ የለውም፤ ክሩ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት አይታይም። እናትየው «በአያቱ ጊዜ ቋጠሮ የተወች ሴት ልጅ ልብሱን እንደገና ትፈታው ነበር» አሉኝ። ወረቀት ላይ ገልብጬዋለሁ።

ሙሽራዋ ጠዋት መጥታ ለክታዋለች። ይህን ሁሉ ስልኬ ላይ አነበበችው፣ እናቷም ቆመው ሰሙ። ካባውን ለብሳ ሁለት ጊዜ ተመላለሰችና እጇን ወደ ላይ ለማንሣት ሞከረች፤ ከፍ አላለላትም። «ጋሼ፣ ትከሻው ላይ ያለውን ወርቅ ግማሹን ያንሡልኝ፤ እስክስታ መምታት እፈልጋለሁ» አለች። እናትየው ተው ይላሉ ብዬ ስጠብቅ «አንሣላት» አሉ። ጠርዙ ላይ የሐረር ጥልፍ ይሁን ስላት ወዲያው ነው እሺ ያለችው።

ሠርጉ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ትከሻውን ዛሬ ማታ እፈታዋለሁ።